«ዘ ዋየር»ን ለምትገዙ፦ ከአምስቱ ሲዝን የትኛው ይቅደም?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሕር ዳር፣ ከግሽ ዓባይ ገበያ ብዙም በማይርቅ ፊልም ቤት ተራዬን እጠብቃለሁ። ከፊቴ የነበረው ወጣት 8 ጊጋ ፍላሹን ለልጁ አቀብሎ፣ «ዘ ዋየር የሚባለውን ተከታታይ ጫንልኝ። ግን አንድ ሲዝን ብቻ ነው የሚይዝልኝ፤ የትኛው ይሻላል?» አለው። የፊልም ቤቱ ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አንደኛውን ያዝ። ከጣመህ ለሦስተኛው ትመጣለህ። ሁለተኛው የወደብ ነው፣ ይደብራል፣ እለፈው። አራተኛው የተማሪ ቤት ነው» ብሎ መለሰለት።

እኔ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያደግኩት ደግሞ ሐይቁ ዳር፣ ከዘጌ እንጨት የጫነ ታንኳ ሲጠጋ እያየሁ ነው። «እለፈው» የተባሉት ሁለቱ ሲዝኖች ከሁሉም ይልቅ ወደ እኔ የሚቀርቡት ናቸው። አላስቻለኝም፤ ወጣቱን በር ላይ ጠብቄ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆምኩት። ያን ቀን በጥድፊያ የነገርኩትን ነው አሁን ረጋ ብዬ የምጽፈው። ፍላሹ ትንሽ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ውስን የሆነ ሰው እሱ ብቻ አይደለምና።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ «ዘ ዋየር» በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚካሄድ የወንጀል ድራማ ነው። ስሙ የሚያመለክተው ስልክ ጠለፋውን ነው። ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከ2002 እስከ 2008 አሳየው፤ እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አምስት ሲዝን፣ በድምሩ 60 ክፍል ነው። የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን «ባልቲሞር ሰን» በተባለው ጋዜጣ የፖሊስ ወሬ ዘጋቢ ነበር። ከእሱ ጋር የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ ለረጅም ዓመት እዚያው ባልቲሞር መርማሪ ፖሊስ፣ ከዚያም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ይህንን ያዙልኝ፤ በሲዝኖቹ መካከል ያለው የጥራት ልዩነት አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

አንደኛው

2002፣ 13 ክፍል። ታሪኩ ጠባብ ነው፤ ጥንካሬውም እዚያው ላይ ነው። በአንድ ወገን ኤቨን ባርክስዴልና ስትሪንገር ቤል የሚመሩት ዕፅ ሻጭ ቡድን አለ። በሌላው ወገን አለቆቻቸው «ከፊቴ ውሰዱልኝ» ብለው የገፏቸው ፖሊሶች ምድር ቤት ተሰጥቷቸው ያንን ቡድን ሊይዙ ይለፋሉ። ሻጮቹ የሚገናኙት በፔጀር፣ ማለትም የሚደወልበት ቁጥር ብቻ በሚታይበት የኪስ መሣሪያ፣ እና በመንገድ ስልክ ነው። በፔጀሩ የሚላከው ቁጥር ግን እውነተኛው ቁጥር አይደለም።

እዚህ ላይ ሒሳብ አስተማሪነቴ ያዘኝ። ምስጢሩ በስልኩ መደወያ ላይ 5ን መሐል አድርጎ በትይዩ ያለውን መንካት ነው። 1 በ9፣ 2 በ8፣ 3 በ7፣ 4 በ6 ይለወጣል፤ 5 ደግሞ በ0። ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ጥንድ ሲደመር 10 ይመጣል። ይህን ትምህርት ያቋረጡ ልጆች መንገድ ላይ ቆመው ያለ ወረቀት ይሠሩታል። የሚፈታባቸው ፕሬዝ የሚባል፣ በመንገድ ሥራ ያልሆነለት ፖሊስ ነው። ስሙን አትርሱት፤ አራተኛው ሲዝን ላይ እንገናኘዋለን።

በዚሁ ሲዝን ዋላስ የሚባል ልጅ አንድ ሕፃን የቤት ሥራ ሲያስጠና የሚታይበት ቦታ አለ። ጥያቄው አውቶቡስ ላይ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ሰዎች ነው፤ ሕፃኑ አቃተው። ዋላስ ያንኑ ጥያቄ በሚሸጡት ዕፅ ብልቃጥ ለውጦ ሲጠይቀው ሕፃኑ ወዲያው መለሰ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ እዚያ ቆጠራ የተሳሳተ ይደበደባል አለ። እኔ ያንን አቁሜ ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት። ሰኞ ክፍል ስገባ ቀመሩን ትቼ በሎሚና በብርቱካን መደብ ጀመርኩ።

ሌላም አለ። አንድ ከፍ ያለ ሻጭ ከሥሩ ያሉትን ልጆች በቼዝ ጠጠር ዳማ ሲጫወቱ ያገኛቸዋል። እኛ ሰፈር ዳማ በቆርኪ ነው፤ አያቶቻችን ሰንጠረዥ የሚሉትን የሚያውቅ ልጅ ዛሬ ጥቂት ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ንጉሡ ማን እንደሆነ፣ ፊት የሚሰለፉት ወታደሮች ለምን ቶሎ እንደሚያልቁ ያስረዳቸዋል። ልጆቹ እያወሩ ያሉት ስለ ራሳቸው መሆኑ ሳይነገራችሁ ይገባችኋል።

ድክመቱ አጀማመሩ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚያስተዋውቅ የለም። ከኋላ ሙዚቃ ገብቶ አሁን ፍሩ፣ አሁን እዘኑ አይላችሁም። «ሦስት ክፍል አይቼ ተውኩት» የሚሉኝን ሁሉ የምመልሳቸው አምስተኛው ድረስ ቆዩ ብዬ ነው። ከቆዩት ውስጥ ተመልሶ የነቀፈኝ እስካሁን የለም።

የወደቡ ሲዝን

2003፣ 12 ክፍል። ፊልም ቤቱ ልጅ «ይደብራል» ያለው ይሄ ነው። ለምን እንዳለው ይገባኛል። አንደኛውን ጨርሶ የመጣ ሰው የለመዳቸውን የሰፈሩን ልጆች ይፈልጋል። ስክሪኑ ላይ የሚያገኘው ግን ክሬን፣ ኮንቴይነርና የፖላንድ ዝርያ ያላቸው ነጭ የወደብ ሠራተኞች ነው። ዋናው መርማሪ ማክነልቲም በቅጣት ወደ ወደብ ፖሊስ ጀልባ ተወርውሯል። የመጀመሪያው ክፍል ሌላ ፊልም በስህተት የተጫነላችሁ ያህል ይሰማችኋል። መጨረሻው ላይ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት የ13 ሴቶች አስከሬን ይገኛል። ከዚህ በኋላ አትነሡም።

ግን እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን መስኮት ነው። የወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪው ፍራንክ ሶቦትካ ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በባለ ቀለም መስታወት የተሠራ መስኮት ያስገባል። የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ደግሞ ያንኑ ቦታ ለራሱ ስጦታ አስቦት ኖሯል። ተቀደመ። ይህን ቂም ይዞ ነው «ይሄ ማኅበር ገንዘቡን ከየት አመጣው?» ብሎ ምርመራ የሚያስከፍተው። እኔ ለዘመዶቼ ይህን ስተረጉም አንድ ቃል ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ለደብሩ ምንጣፍ ወይም ጃንጥላ ያስገባ ሰው ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን እዚህ ሁሉም ያውቃል።

ይህን ሲዝን ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። ዳታ ተዘግቶ፣ ማታ ማታ ሁላችንም በጊዜ ቤት በምንገባበት ወራት ነበር። አጎቴ በወጣትነቱ ከጎርጎራ፣ ከደልጊና ከቁንዝላ የሚመጣው መርከብ ባሕር ዳር ሲጠጋ ጭነት ያወርድ ነበር። እንግሊዝኛ አይሰማም፤ እኔ እያቆምኩ እተረጉምለታለሁ። ሶቦትካ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የመርከብ መግቢያው ቦይ ተጠርጎ ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡ፣ ወጣቶቹ በወር ውስጥ የሚሠሩበት ቀን እንዲበዛ። ለዚያ ባለሥልጣን የሚያባብልበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። ገንዘቡን የሚያገኘው ከኮንትሮባንድ ነው። አጎቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ አየ።

ሰባተኛው ክፍል አካባቢ ግን ለሶቦትካ ስለ ሮተርዳም ወደብ የሚያሳይ ፊልም ያቀርቡለታል። ተሽከርካሪው ራሱ ይሄዳል፣ ክሬኑ ራሱ ያነሣል፤ አቅራቢው ስለ ፍጥነቱና ስለ ደኅንነቱ በደስታ ያብራራል። አጎቴ እጄን ያዝ አድርጎ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰዎቹስ የታሉ?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ሶቦትካ ያንኑ እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል፤ ከአፉ ግን ብዙ አይወጣም። አጎቴ ያን ማታ ስለ ጆንያ አወራኝ። አንድ ኩንታል ጀርባ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሰማው ጉልበት ላይ እንጂ ወገብ ላይ አይደለም አለ። በዚህ ዕድሜዬ ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ጉድለት የለውም አልልም። የሶቦትካ ልጅ ዚጊ ከልክ በላይ ያሰለቻል፤ ሞኝነቱን አሥር ጊዜ ከማሳየት አምስት ጊዜ ይበቃ ነበር። «ግሪኩ» የሚባለው የኮንትሮባንድ አለቃና ሰዎቹም ከወደቡ ሰዎች አንጻር ሥጋ ያልለበሱ ናቸው። የባርክስዴል ወገን ታሪክ በጎን ይቀጥላል፤ እሱን ብላችሁ ከገዛችሁት ግን ጥቂት ነው የምታገኙት። የአንድን አባወራ ውድቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትዕግሥት በመከተል ግን ከአምስቱ የሚያክለው የለም።

ሦስተኛው

2004፣ 12 ክፍል። እዚህ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ሁሉም ይወደዋል፣ እኔም። የሻጮቹ መዲና የነበሩት ፎቆች በመጀመሪያው ትዕይንት ይፈርሳሉ፤ አቧራው ገና ሳይቀመጥ ለመንገዱ ፀብ ይነሣል። ስትሪንገር ቤል ዕፁን እንደ ኩባንያ ሊመራ፣ ስብሰባውን በሥነ ሥርዓት ደንብ ሊያካሂድ ይሞክራል። ኤቨን መንገዱን ይዞ መኖር ብቻ ነው የሚያውቀው። በዚህ ሲዝን የኢድሪስ ኤልባን ትወና ያየ ሰው እንግሊዛዊ መሆኑን ሲሰማ አያምንም። አንድ ጡረታው የደረሰ የፖሊስ አዛዥም አለቆቹ ሳያውቁ ዕፅ በነፃነት የሚሸጥበት ቦታ ለይቶ ያበጃል። ምን ተገኘ፣ ምን ጠፋ የሚለውን ፊልሙ በሁለቱም በኩል ያሳያል፤ ፍርዱን ለእናንተ ይተወዋል።

ፍጥነት፣ ፀብና የተሳካ ፍጻሜ ለሚፈልግ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ይወቅ፦ የሦስተኛው ጥራት ከአንደኛው የተበደረ ነው። የሁለቱን ወዳጆች ቁርሾ ከሥሩ ያላየ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች እንደ ማንኛውም የተኩስ ፊልም ነው የሚያያቸው። ለብቻው አትግዙት።

የትምህርት ቤቱ ሲዝን

2006፣ 13 ክፍል። ሦስተኛው ካለቀ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ነው የወጣው። ሳላመነታ የምለው ይህ ከአምስቱ ሁሉ የላቀ ነው። ከቅርበቴ የተነሣ እንዳላዳላ ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት፤ አሁንም ያው ነው።

ፕሬዝ፣ ያ ቁጥር ፈቺው ፖሊስ፣ ፖሊስነቱን ትቶ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ሆኖ ይመጣል። ማይክል፣ ናሞንድ፣ ራንዲና ዱኪ የሚባሉ አራት ልጆች ክረምቱ አልቆ ክፍል ሲገቡ እናገኛቸዋለን። የመጀመሪያው ቀን ትዕይንት ላይ እጄ ያልበዋል። ፕሬዝ ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዞር ሲል ክፍሉ ከእጁ ወጥቷል። ምንም የተጋነነ ነገር የለበትም። አንዱ ይነሣል፣ ሌላው አብሮ ይነሣል፣ ጥያቄ የሚመስል ስድብ ይመጣል፣ መምህሩ ለአንዱ ሲመልስ አሥሩ ይወጣሉ። ይህን የጻፈው ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሞ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ አውቅበት ነበር። በርንስ ቆሞ ያውቃል።

ፕሬዝ ቆይቶ የመጽሐፍ መጋዘኑን ሲከፍት አዲስ መጽሐፍና ያልተነካ ኮምፒውተር ተከምሮ ያገኛል፤ ክፍል ውስጥ ልጆቹ የሚያነቡት ግን የተገነጣጠለውን ነው። ልጆቹን የሚይዛቸው በዳይ ጠጠር ነው። ሁለት ዳይ ሲጣል ከሁሉ ይልቅ የሚወጣው ድምር 7 ለምን እንደሆነ ሲገባቸው ክፍሉ ፀጥ ይላል። 36 ዕድል አለ፣ ስድስቱ 7 ናቸው። ልክ ሊጥማቸው ሲል የዓመቱ ፈተና ይመጣና ፈተናውን ብቻ አስተምር ይባላል። እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ቴሌቪዥኑን ተቆጣሁት።

አንድ ትዕይንት ብቻ አቅርቤ ላሳያችሁ። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ሌላዋን ፊቷ ላይ በምላጭ ትቆርጣታለች። ጩኸት፣ ሩጫ፣ ደም። የቆረጠችው ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፤ ዓይኗ ፈጧል፣ ማንም አይጠጋትም። ዱኪ፣ ልብሱ ስለሚሸት ልጆቹ ሁሉ የሚሸሹት ልጅ፣ ከጎኗ ይቀመጣል። በእጁ የተሰበረች አግኝቶ የጠገናት በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ አለች። አስነሥቶ ወደ ፊቷ ያዞርላታል። በቃ፣ አንድም ቃል የለም።

የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ከመጨረሻው ዴስክ ሁልጊዜ የሚተኛ ተማሪ ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጣሁት። አንድ ቀን ደብተር ስሰበስብ የሱ ደብተር ዓሣ ዓሣ ይላል። ለካ ሌሊቱን ከአባቱ ጋር ሐይቅ ላይ መረብ ሲያወጣ ነው የሚያድረው። ዱኪን ሳይ እሱ ነው ትዝ ያለኝ፤ ዱኪን ቀድሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ብዬም አስቤያለሁ።

ወንጀሉ የት ሄደ የሚል ይኖራል። አለ። ሲዝኑ የሚከፈተው ስኑፕ የምትባል ወጣት የቤት ዕቃ መደብር ገብታ ሚስማር መምቻ ማሽን ስትገዛ ነው። ሻጩ ስለ ማሽኑ በትሕትና ያስረዳታል፣ እሷም በጥሞና ታዳምጣለች። ለምን እንደገዛችው ሲገባችሁ ከሰው አልባ ቤቶቹ ፊት ቆማችኋል። ተዋናይዋ ፊሊሺያ ፒርሰን እዚያው ባልቲሞር ያደገች፣ ከዚህ በፊት ተውና የማታውቅ ልጅ ናት። ማክነልቲ በዚህ ሲዝን ብዙም አይታይም፤ እኔ አልናፈቀኝም።

አምስተኛው

2008፣ 10 ክፍል ብቻ። ከሁሉም ደካማው ነው። ይህን የምለው እያዘንኩ ነው፤ ምክንያቱም ርዕሱ ጋዜጣ ነው፣ ሳይመን ራሱ የኖረበት። የሚያውቁትን መጻፍ ጥራት የሚሰጥ ከሆነ ይህ አንደኛ መሆን ነበረበት። እንደኔ ግምት ቁጭቱ በዝቶበታል። በሁለተኛው ሲዝን ሶቦትካ ጥፋተኛም ደግም ነው። በአራተኛው የትምህርት ቤቷ ምክትል ርዕሰ መምህርት ጨካኝም ተቆርቋሪም ናት። እዚህ ግን የዜና አዘጋጁ ጻድቅ፣ ወሬ የሚፈጥረው ጋዜጠኛ ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቅ ነው። አዘጋጁን የሚጫወተው ክላርክ ጆንሰን ጎበዝ ተዋናይ ነው። የተከታታዩን የመጀመሪያና የመጨረሻ ክፍል ያዘጋጀውም እሱ ነው። ችግሩ የተሰጠው ሰው ላይ ነው። ማክነልቲ በጀት ለማግኘት የሚያደርገውንም ነገር ለማመን ይከብዳል፤ ይህን ከናንተ ልደብቀው እንጂ ስታዩት «እንዴ!» ትላላችሁ።

ቢሆንም ለአንድ ሰው ሲባል ይታያል። በብልስ፣ ከአንደኛው ሲዝን ጀምሮ ጋሪ እየገፋ በሱስ የሚንከራተተው ሰው፣ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚደርሰው። ተዋናዩ አንድሬ ሮዮ ሰዎች ፊት ቆሞ የሚናገርበት ቦታ አለ። አምስተኛውን ሲዝን ከነጉድለቱ የገዛሁበትን ዋጋ እሱ ብቻ ከፍሎልኛል።

በሽልማት ልለካው የሚል ካለ አይጠቅመውም። ተከታታዩ በስድስት ዓመት ውስጥ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አላገኘም፤ ለእጩነት የቀረበውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም በድርሰት።

ስትገዙ ልብ የምትሉት

መጀመሪያ የስዕሉን ነገር። ፊልሙ የተቀረጸው ለድሮው፣ ወደ አራት ማዕዘን ለሚጠጋው ቴሌቪዥን ነው። ኦሪጅናል ዲቪዲው እንደዚያው ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ስዕሉን በሪሞት ይለጥጠዋል፤ ያኔ የሁሉም ሰው ፊት ያበጠ ይመስላል። አትለጥጡት። በ2014 መጨረሻ ላይ በከፍተኛ ጥራት ሙሉ ስክሪን የሚሞላው ተዘጋጅቷል፤ በብሉሬይ የወጣው በ2015 ነው። ሳይመን ራሱ በዚህ ዝግጅት የተሻሉ ትዕይንቶች እንዳሉ፣ የጎደሉም እንዳሉ ተናግሯል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ለወደቡ ሲዝን ሰፊውን እመርጣለሁ፤ ክሬኑም ውሃውም ቦታ ያገኛል። ለአንደኛው የድሮውን፤ የሰዎቹ ፊት ይቀርባችኋል።

ሁለተኛ፣ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ የያዝኩት ኮፒ አንዱ ክፍል ወደ 400 ሜጋ ይመጣል፤ እንዲህ ከሆነ አንደኛው ሲዝን ወደ 5 ጊጋ፣ ስድሳውም ክፍል 24 ጊጋ ይሆናል። ባለ 32 ፍላሽ ያለው ሰው ሁሉንም በአንዴ ይጭናል። ግን እንዲህ የተጨመቀው ብዙ ጊዜ ኤች265 በሚባለው አዲሱ አጨማመቅ ነው፤ አሮጌ ቴሌቪዥን አያነበውም፣ ድምፁን ብቻ ያሰማና ስክሪኑ ይጨልማል። በላፕቶፕ ለሚያይ ችግር የለውም፤ መብራት ሲጠፋም ይረዳል።

ሰብታይትል ሳትይዙ ከፊልም ቤት እንዳትወጡ። የባልቲሞር ልጆች አነጋገር እንግሊዝኛ በደንብ የሚችለውንም ያደናግራል፤ እኔ ያለ ሰብታይትል ግማሹ አይገባኝም። ፋይሉ ስሙ ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ካልሆነ ቴሌቪዥኑ አያወጣውም። ልጁ ሲጭንላችሁ ይህን አስተካክልልኝ በሉት።

ሲዝኖቹ ተቀላቅለው የሚሸጡበትም ጊዜ አለ። እኔ አንድ ጊዜ «ሲዝን 2» የተባለውን ከፍቼ አራተኛውን አግኝቻለሁ። መለያው መግቢያው ላይ ነው። ዘፈኑ በየሲዝኑ አንድ ነው፣ ዘፋኙ ግን ይለያያል። አንደኛው ላይ የሚዘምሩት በኅብረት ነው። ሁለተኛው ላይ አንድ ጎርናና ድምፅ ብቻውን ነው፤ እሱ ዘፈኑን የጻፈው ሰው ነው። አራተኛው ላይ ደግሞ የባልቲሞር ታዳጊዎች ናቸው፤ ድምፃቸው ገና ያልጠነከረ ነው፣ ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ከቤተሰብ ጋር ለምታዩ፦ ስድቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ፤ የራቁትነት ትዕይንትም አለ። ሁለተኛው ላይ ይበዛል። እኔ ከአጎቴ ጋር ሳይ ሪሞቱን ከእጄ አላወጣሁም። ልጆች ባሉበት የሚከፈት ፊልም አይደለም፤ ስለ ልጆች የሆነው አራተኛው እንኳ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ቦታችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ አንደኛውን ያዙ፤ እዚህ ላይ ከፊልም ቤቱ ልጅ ጋር እስማማለሁ። ለሁለት ከሆነ አንደኛውንና አራተኛውን። ፕሬዝን ከአንደኛው ታውቁታላችሁ፤ መሐል ያመለጣችሁን አራተኛው ራሱ ይነግራችኋል፤ አራቱ ልጆች ደግሞ ለሁሉም ሰው አዲስ ናቸው። ለሦስት ከሆነ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ብል ይቀላል፤ ግን አልልም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ ነው የምለው። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ስለያዘው ከጓደኛ ታገኙታላችሁ። የወደቡን ግን ፊልም ቤቱ ራሱ ቦታ ይይዛል እያለ ያጠፋዋል። አምስተኛው የመጨረሻ ነው፤ አራቱን ያየ ሰው መቼም ሳይገዛው አያድርም።

ወጣቱ የዚያን ቀን አንደኛውን አስጭኖ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ፊልም ቤት አገኘሁት፤ ፍላሹን አጥፍቶ ባዶ አምጥቷል። የፊልም ቤቱ ልጅ አየኝና፣ «ቲቸር፣ ይሄ ሰው የወደቡን ይፈልጋል፣ እኔ ጋ ደግሞ አምስት ክፍሉ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ሃርድ ዲስኬን ለማምጣት በባጃጅ ቤቴ ሄድኩ። አጎቴ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ለምን እንደተጣደፍኩ ስነግረው፣ «ያን አለቃቸውን ከሆነ አስገልብጠህ መልሰህ አምጣው፤ እኔም ደግሜ አየዋለሁ» አለኝ።